ወቀሳው ከየትኛው ዓመት ይጀምር?

በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ባሕር ዳር ጊዮርጊስ ገባ። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ መጋቢት 23 ቀን፣ የፋሺስት ፓርቲው ዋና ጸሐፊ አኪሌ ስታራቼ ሦስት ሺህ ያህል ወታደር በመቶዎች በሚቆጠሩ ካሚዮኖች ጭኖ ጎንደርን ይዟል። ከዚያም ወደ ጣና ወረደ፤ ቀጥሎ የሐይቁ ደቡባዊ ጫፍ ተራው ደረሰ። ባሕር ዳር በዚያ ዘመን በቤተ ክርስቲያኑና በገበያው የሚታወቅ የሐይቅ ዳር መንደር እንጂ ዛሬ የምናውቀው ከተማ አልነበረም። ጠላት ሲገባበት ታሪክ የመዘገበው ብርቱ ውጊያ አልተደረገም።

የጎጃም ጦር ታዲያ የት ነበር? አንዱ ክፍል ከራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተከዜን ተሻግሮ፣ በታኅሣሥ ወር ደምበጉና ላይ የጣሊያንን ትናንሽ ታንኮች አምክኖ፣ በኋላ ግን በአውሮፕላን ቦምብና በመርዝ ጋዝ ተለብልቦ በማፈግፈግ ላይ ነበር። ሌላው ክፍል ዘመቻውን መንገድ ላይ ትቶ፣ ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤት ከሚወለዱት ከደጃዝማች ገሠሠ በለው ጋር ወደ ጎጃም ተመልሶ በራስ እምሩ ግዛት ላይ ሸፍቷል። የስታራቼ ካሚዮኖች ሲደርሱ ፊታቸው የሚቆም የተደራጀ ጦር ያልነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሀገር ሳትዘጋጅ ጦርነት ሲደርስባት ቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «ማን ነው ያስበላን?» የሚል ነው። ጥያቄው ነውር የለበትም። ልጁን የቀበረ፣ ቤቱ የተቃጠለበት፣ ከብቱ የተነዳበት ሰው መልስ ይገባዋል። ነገር ግን ወቀሳ ስም ይፈልጋል፤ አንድ ስም ሲያገኝ ይረካና ይቆማል። ወቃሹም ብዙ ጊዜ ጅብ ከሄደ እንደጮኸው ውሻ ነው፤ ከሽንፈቱ በፊት ድምፁ አልተሰማም። ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። ወቃሹ ታሪኩን ከየትኛው ዓመት ጀምሮ እንደሚተርክ ራሱ ይመርጣል፤ መነሻ ዓመቱን ሲመርጥም ፍርዱን አብሮ ይመርጣል።

ይህን ከፈረንሳይ አብልጦ ያሳየ ሀገር የለም። እ.ኤ.አ. በ1940 የጀርመን ጦር ፈረንሳይን በስድስት ሳምንት ድል ካደረገ በኋላ፣ በማርሻል ፔታን የሚመራው የቪሺ መንግሥት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮችን ኤዱዋር ዳላዲዬንና ሌዮን ብሉምን፣ የጦሩን አዛዥ ጄኔራል ጋምላንንም ጨምሮ «ፈረንሳይን ሳታዘጋጁ ለጦርነት ዳረጋችኋት» ብሎ በ1942 መጀመሪያ ሪዮም በምትባል ከተማ ለፍርድ አቀረባቸው። ችሎቱ እንዲመረምር የተፈቀደለት ከ1936 ወዲህ የሆነውን ብቻ ነበር። ለምን 1936? የብሉም መንግሥት ሥልጣን የያዘው በዚያ ዓመት ስለሆነ ነው። ፔታን ራሳቸው የጦር ሚኒስትር የነበሩት ደግሞ በ1934 ነው። ዳላዲዬና ብሉም አፋቸውን አልያዙም፤ የተዘጋውን ዘመን ከፍተው፣ የጦር በጀት መቼ በማን እጅ እንደተቀነሰ በሰነድ እያጣቀሱ ተከሳሽነታቸውን ወደ ከሳሽነት ቀየሩት። ሁለት ወር ያህል እንደተካሄደ ችሎቱ ተቋረጠ፤ ፍርድ ሳይሰጥም ቀረ።

በዚያው ሽንፈት ላይ ማርክ ብሎክ የተባለው የታሪክ ሊቅ በመኮንንነት ተዋግቶ ሲመለስ «እንግዳው ሽንፈት» የተሰኘ መጽሐፍ ጽፏል። ብሎክ ጄኔራሎቹን ይወቅሳል፤ ፖለቲከኞቹን፣ ሠራተኛ ማኅበራቱን፣ ባለሀብቱን ይወቅሳል፤ መጨረሻ ላይ ግን የራሱን ትውልድ ምሁራን ያነሣል፤ እያወቁ ዝም ያሉትን፣ በየሥራ ክፍላቸው ተደብቀው የሕዝብ ጉዳይ የሌሎች ነው ያሉትን። በ1944 ጀርመኖች ረሸኑት፤ መጽሐፉ የታተመው ከሞተ በኋላ ነው። ሪዮም አንድ መነሻ ዓመት ነበረው። የብሎክ መጽሐፍ ግን መነሻውን ወደ ኋላ እየገፋ ሄዶ ራሱ ጸሐፊው ዘንድ ደረሰ።

አሁን ወደ 1928 ዓ.ም. እንመለስ።

ታሪኩን ከማይጨው ጦርነት የጀመረ ሰው የሚያገኘው ተጠያቂ ዐፄ ኃይለ ሥላሴን ነው። መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ ተሸነፉ፤ ሚያዝያ 24 ቀን በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ። ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት ንጉሥ ሀገሩን ለቆ አይሄድም ብለው አጥብቀው የተቃወሙት በዚያ ሰሞን ነው። ይህ ክስ ክብደት አለው። ነገር ግን ስለ ስደቱ እንጂ ስለ ዝግጅት ጉድለቱ ብዙ አይነግረንም። ማይጨው ላይ የቆመው ወታደር አብዛኛው ያረጀ ጠመንጃ፣ ያውም ብዙው በዐድዋ ዘመን የነበረውን ውጅግራ ይዞ ነበር። ያ ጠመንጃ ያረጀው በአንድ ቀን አይደለም።

ከ1927 የጀመረ ሰው ደግሞ የሚያገኘው እንግሊዝንና ፈረንሳይን ነው። የወልወል ግጭት በኅዳር 1927 ከተነሣ በኋላ፣ ጣሊያን በምጽዋ በኩል ወታደርና መሣሪያ በገሃድ ስታራግፍ፣ ሁለቱ መንግሥታት «ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም» አሉ። ጣሊያን ፋብሪካ ነበራት፤ ኢትዮጵያ አልነበራትም። እኩል የመሰለው ክልከላ የጎዳው አንዱን ብቻ ነው። የሆለታ የጦር ትምህርት ቤት በስዊድን መኮንኖች አሠልጣኝነት የተከፈተው በዚያው በ1927፣ ጣሊያን መረብን ለመሻገር ዘጠኝ ወር ገደማ ሲቀራት ነበር። ዕጩ መኮንኖቹ ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ጦርነቱ ደረሰ። ከእነሱ መካከል ብዙዎቹ የጥቁር አንበሳን ማኅበር መሥርተው ምዕራብ ኢትዮጵያ ውስጥ መዋጋታቸው፣ ትምህርት ቤቱ አሥር ዓመት ቀድሞ ተከፍቶ ቢሆን ምን ሊሆን ይችል እንደነበር ያሳስባል።

አሥር ዓመት ቀድሞ! ይህ ሐሳብ ደግሞ መነሻውን ወደ 1916 ይወስደዋል፤ ኢትዮጵያ የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ወደሆነችበት ዓመት። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን፣ የኋላው ዐፄ ኃይለ ሥላሴ፣ ያኔ የመረጡት መንገድ የታወቀ ነው፤ ሀገሪቱን በጠመንጃ ብዛት ሳይሆን በውል ማስጠበቅ። በ1920 ከጣሊያን ጋር የሃያ ዓመት የወዳጅነት ውል ተፈረመ። ምርጫው የሞኝ ምርጫ አልነበረም። ገንዘብ የሌላት፣ ወደብ የሌላት፣ በቅኝ ገዥዎች የተከበበች ሀገር ሕግን ጋሻ ለማድረግ ብትሞክር ማን ይፈርድባታል? ሆኖም ምርጫ ነበር፤ ምርጫ ያደረገ ሰው ደግሞ ስለ ምርጫው ይጠየቃል። ሰኔ 23 ቀን 1928 ጄኔቭ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ዓለምን ሲወቅሱ የተናገሩት እውነት ነበር። ያ እውነት ግን አዲስ አበባ ላይ ሊነሣ የሚገባውን ሌላ ጥያቄ ሸፈነው።

ይህ ጸሐፊ ከሁሉም በላይ የሚያስበው መነሻ ዓመት 1924 ነው፤ ምክንያቱም ጥያቄውን ወደ ጣና ዳር የሚያመጣው እሱ ነው። በዚያ ዓመት የጎጃሙ ገዥ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ከዙፋን የወረዱትን ልጅ ኢያሱን ከፍቼ እስር ለማስፈታት በተደረገው ሴራ እጃቸው አለበት ተብለው ተሻሩ፤ ታሰሩም። ራስ ኃይሉ በግብርና በገንዘብ ፍቅር ጎጃምን ያስመረሩ ሰው ነበሩ፤ በኋላም ከጣሊያን ጋር ቆመዋል፤ ስለዚህ እዚህ የሚሟገትላቸው የለም። በቦታቸው የተተኩት ራስ እምሩም በቅንነታቸው የተመሰገኑ ሰው ናቸው። ቢሆንም ጎጃሜው ዙፋኑ የራሱ መሆኑን የሚያሳየው ነገር ሳያይ፣ ገዥ ከላይ ተነሥቶ ገዥ ከላይ ተሾመለት፤ ጦርነቱ ሲመጣም አራት ዓመት አልሞላም ነበር። የደጃዝማች ገሠሠ ሽፍትነት የበቀለው ከዚህ መሬት ላይ ነው። ጠመንጃ በዓመት ሊገዛ ይችላል። ዘማች ኋላውን ሳያይ እንዲዘምት የሚያደርገው እምነት ግን በዓመት አይገዛም፤ የኢትዮጵያ ትልቁ የዝግጅት ጉድለትም ከአውሮፕላንና ከመድፍ ማነስ ይልቅ እዚህ ላይ ነበር።

ለዚህ ማስረጃው ራሱ ጎጃም ነው። በ1928 ለጠላት በሩ ክፍት ሆኖ የተገኘው አገር፣ ዓመት ከጥቂት ወር ቆይቶ፣ በ1929 መጨረሻና በ1930 መባቻ፣ ከዳር እስከ ዳር ተነሣ። በላይ ዘለቀ፣ መንገሻ ጀምበሬ፣ ነጋሽ በዛብህ፣ ኃይሉ በለው የየአካባቢያቸውን ሰው አስተባብረው ጣሊያንን በየምሽጉ አስቀመጡት። ከአዲስ አበባ የተላከላቸው ጠመንጃ አልነበረም፤ የማረኩትን ይዘው ነው። ትጥቅ ሲፈታ፣ ርስት ሲነካ፣ ሰው ሲረሸን ጦርነቱ የእያንዳንዱ ባላገር ጉዳይ ሆነ። ከዚህ በኋላ «ሕዝቡ አልተዘጋጀም ነበር» የሚል ሰው ምን ይዞ ይከራከራል? ሕዝቡ ያው ሕዝብ ነው። የተለወጠው ነገር የማን ጦርነት ነው የሚለው ጥያቄ መልስ ብቻ ነበር።

ወደ ታች የሚወርድ ወቀሳ ግን በዚህ ሐይቅ ዳር ረጅም ታሪክ አለው። በ1858 ዐፄ ቴዎድሮስ ዘጌ ሰፍረው ሳለ፣ የእንግሊዙን መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳምንና አብረውት የነበሩትን እዚያው አሰሩ። ነገሩ የተጀመረው በ1855 ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ በማጣቱ ነው። ቴዎድሮስ የዘመኑን አደጋ ከማንም በፊት አይተውታል። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ሠራተኞችን አስቀምጠው መድፍ አስቀርጸዋል፤ ሰባት ቶን ያህል እንደሚመዝን የሚነገርለት ሴባስቶፖል የዚያ ሥራ ፍሬ ነው። ይህን ያህል አርቀው ያዩ ንጉሥ ግን ጋፋት መድፍ ስትቀርጽ በጌምድርና ጎንደር በእሳቸው እጅ እየተቃጠሉ፣ ግብር የሚከፍላቸው አገር በየዓመቱ እየጠበበ ሄደ። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የጄኔራል ናፒየር ጦር እሮጌ ላይ ድል ሲያደርጋቸው በዚያው ሰሞን ለጄኔራሉ በጻፉት ደብዳቤ ወቀሳቸውን ያዞሩት በገዛ ወገናቸው ላይ ነበር፤ ለሥርዓት ተገዙ፣ ግብር ክፈሉ ቢሏቸው እምቢ እንዳሏቸው፣ እንደተጣሏቸውም። እንዲህ ያለ ኀዘን ከዚያ ሰው ሲወጣ ልብ ይነካል። ፍርዱ ግን ልክ አይደለም። ቤቱ የተቃጠለበትን ገበሬ ለምን አላገዝከኝም ማለት አይቻልም።

ከዚያ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ ንግሥት እሌኒ አደጋውን ዐይተው ማቴዎስ የተባለውን አርመናዊ ወደ ፖርቱጋል ልከዋል። መልእክቱ ዞሮ ዞሮ የፖርቱጋል ልዑካን በ1512 ምጽዋ ሲደርሱ ዐፄ ልብነ ድንግል ብዙም አልጓጉም፤ ምክንያቱም በመካከሉ የዘይላውን ገዥ ማሕፉዝን ድል አድርገው ነበር። ድል አዘናጋቸው። ልዑካኑ ስድስት ዓመት ቆዩ፤ ንጉሡ በመጨረሻ መሣሪያ የሚሠሩ የእጅ ባለሙያዎች እንዲላኩላቸው ጻፉ፤ ሽምብራ ኩሬ ላይ ኢማም አሕመድ ድል ያደረጓቸው በ1521፣ ልዑካኑ በሄዱ በሦስተኛው ዓመት ነው። የኢማሙ ጦር እስከ ጣና ደረሰ፤ ኢማሙም በ1535 ከሐይቁ በስተምሥራቅ ወይና ደጋ ላይ ወደቁ፤ ልብነ ድንግል ግን ያን ቀን ለማየት አልደረሱም። ከዐድዋ በኋላም የሆነው ይኸው ነው። የአርባ ዓመት ኩራት ውጅግራውን በግድግዳ ላይ ሰቅሎ አቆየው። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከማይጨው ሃያ ዓመት አስቀድመው፣ ጃፓንን ምሳሌ እያደረጉ፣ ዕውቀትና የተስተካከለ አስተዳደር የሌለው ሕዝብ ነጻነቱን ጠብቆ መኖር እንደማይችል ጽፈው ነበር። ያነበባቸው ጥቂት ነው፤ የሰማቸው ከዚያ ያንሳል።

በ1933 ነጻነት ሲመለስ ጥያቄው መመርመር ነበረበት። አልተመረመረም። አርበኛው ስደተኛውን፣ ስደተኛው አርበኛውን፣ ሁለቱም ባንዳውን በጎሪጥ ያይ ነበር፤ ሹመት ግን ለሦስቱም ተሰጠ፤ ጉዳዩም በሹመት ተዳፈነ። ታከለ ወልደ ሐዋርያት የ1928ን ጥያቄ አልተውም በማለታቸው ደጋግመው ታሰሩ። የውጭው ተጠያቂነት ግን በገንዘብ ተተምኗል፤ በ1939 የተፈረመው የፓሪስ የሰላም ውል ጣሊያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል ወሰነ፤ በኋላ በሁለቱ መንግሥታት ስምምነት ወደ 16 ሚሊዮን ገደማ ወረደ። ከዚያ ካሣ የቆቃ ግድብ ተሠራ፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያም የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተተከለ። ባሕር ዳር ከመንደርነት ወደ ከተማነት እንድታድግ ካደረጓት ነገሮች አንዱ ያ ፋብሪካ ነው። ለጣሊያን ወንጀል ዋጋ ተገኘለት። ለራሳችን ጉድለት ግን አንድ ገጽ የምርመራ መዝገብ እንኳ አልተከፈተለትም።

ቅርብ ጊዜ ወደሆነው ስንመጣ ሪዮም መልሶ ይመጣል። ግንቦት 4 ቀን 1990 የኤርትራ ጦር ባድመ ሲገባ፣ በ1983 የተበተነው ሠራዊት ቦታ ገና በወጉ አልተሞላም ነበር። ግንቦት 28 ቀን መቀሌ በአውሮፕላን ተደበደበች፤ ሕፃናት ሞቱ። ከሁለት ዓመት ጦርነት በኋላ ክሱ የመጣው ከገዥው ፓርቲ ውስጥ ነው፤ በ1993 ሕወሓት ለሁለት ሲሰነጠቅ፣ አንዱ ወገን ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊን በኤርትራ ጉዳይ በመለሳለስ ከሰሰ። ከከሳሾቹ አንዱ ስዬ አብርሃ ከ1983 በኋላ ባሉት ዓመታት ራሳቸው የመከላከያ ሚኒስትር ነበሩ። ከ1990 የጀመረ ቆጠራ የሚጠቁመው ጠቅላይ ሚኒስትሩን፣ ከ1983 የጀመረው ደግሞ ሁሉንም ነው። ሙግቱ እዚያ ሳይደርስ አቅጣጫውን ቀየረ፤ የተሸነፈው ወገን ከፓርቲው ተባረረ፤ ስዬም በሙስና ተከሰው ስድስት ዓመት ያህል ታሰሩ። የዝግጅት ጉድለቱ ጥያቄ በፓርቲ ጠብ ውስጥ ሰጠመ። በዚያ ጦርነት የወደቁት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች ግን የፓርቲ ጠብ አልነበራቸውም።

ባሕር ዳር ደግሞ የራሷን ሌሊት አይታለች። ኅዳር 4 ቀን 2013 ወደ ባሕር ዳርና ወደ ጎንደር አውሮፕላን ማረፊያዎች ሮኬት ተተኮሰ። ከዚያ የትግራዩ ጦርነት ወደ አማራ ክልል ሲዘልቅ፣ በጥቅምት 2014 ደሴና ኮምቦልቻ ሲያዙ፣ ክህደት ነው፣ የአመራር ድክመት ነው፣ የዝግጅት ጉድለት ነው የሚለው ክስ ከየአቅጣጫው ተሰማ፤ አንዱ ፌዴራሉን፣ አንዱ ክልሉን፣ አንዱ አዛዦችን ሲወቅስ። ተፈናቃዩ በጊዜያዊ መጠለያ ሆኖ ይህን ሁሉ ያዳምጥ ነበር።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ከ1928 ይለያል፤ ልዩነቱን መሸሽም ነውር ነው። ያኔ የመጣው ባሕር ተሻግሮ ነው። በ2013 የተዋጉት በአንድ ሕገ መንግሥት የሚተዳደሩ፣ ብዙዎቹም በአንድ ፓርቲ ጥላ ሥር ሠላሳ ዓመት ገደማ አብረው የገዙ ሰዎች ናቸው። እንዲህ ባለ ጦርነት «ለምን አልተዘጋጀንም?» ብቻ ብሎ መጠየቅ የበለጠውን ጥያቄ ይሸፍናል፤ ለምን እዚያ ደረስን? ምሽግ ያልቆፈረ ተጠያቂ ከሆነ፣ ውይይት በሚቻልበት ወቅት በሩን የዘጋም፣ በየመድረኩ ወገንን በወገን ላይ ያነሣሣም ተጠያቂ ነው፤ ይልቁንም እሱ ይብሳል። ትግራይ ውስጥም፣ አማራ ውስጥም፣ አፋር ውስጥም ልጇን ያጣች እናት ይህን ጥያቄ የመጠየቅ መብቷ እኩል ነው። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ሲፈረም የተኩሱ ድምፅ በረደ፤ የሽግግር ፍትሕም በስምምነቱ ተጠቅሷል። የአማራ ክልል ግን ዓመት ሳይሞላው በሌላ ግጭት ውስጥ ገባ፤ አሁንም ስለ ዝግጁነት የሚወራው ስለ መሣሪያ ነው።

ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ አቤቱታ ለሁለት ወገን ነው። የመንግሥት መዝገብ በእጃችሁ ያለ፣ በባሕር ዳርም ሆነ በአዲስ አበባ፣ የ1990ንም የ2013ንም የካቢኔ ቃለ ጉባኤ፣ የበጀት ድልድልና የጦር ግምገማ ለታሪክ አጥኚዎች ክፈቱ፤ ማን ያውቅ እንደነበር፣ ማን ይችል እንደነበር፣ ማን ተጠይቆ እምቢ እንዳለ ከዚያ ውጭ የሚታወቅበት መንገድ የለም። አንባቢ ሆይ፣ አንተም፣ አንቺም፣ የሚቀጥለው ከሳሽ አንድ ስም ይዞ ሲመጣ፣ ስሙን ከመቀበላችሁ በፊት ታሪኩን ከየትኛው ዓመት እንደጀመረ ጠይቁት፤ ከዚያ በፊት ያለው ዓመት ላይ እሱ የት እንደነበረም ጨምሮ ይንገራችሁ።